1.5 ሜትር የመውጫ በር "ሰፊ ነው" ተብሎ ተመለሰብኝ፤ ሰፊ በር ምን ችግር አለው?

ባለፕላን
ሰላም ናችሁ? አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። የስብሰባ አዳራሽ እየሠራሁ ነው። ወለሉ 28 በ17 ሜትር ነው፤ መድረኩና መጸዳጃው ሳይቆጠር። ባለቤቱ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የእንጨት በር ይፈልጋል። አንድ ተከፋች፣ ማለትም አንድ መዝጊያ ብቻ ያለው፣ 1.5 ሜትር ስፋት። "ሰው ሲገባ ግርማው ይታየው" ነው የሚለው። እኔም ደስ ብሎኝ ሳልኩለት። ከጎን ደግሞ ባለ 90 ሴንቲሜትር ሁለተኛ መውጫ አደረግሁ።

ፕላኑ ተመለሰ። የገምጋሚው አስተያየት ይኸው፦ "የአንድ ተከፋች ስፋት ከተፈቀደው በላይ ነው። የመውጫ ስፋት ስሌት ይቅረብ።"

ጠበበ ብሎ ቢመልሰው ይገባኛል። ሰፋ ተብሎ የተመለሰ በር ግን አይቼ አላውቅም። እሳት ቢነሳ ሰፊ በር አይሻልም እንዴ? የምንሠራው በዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ፣ በአይቢሲ፣ የ2015 እትም ነው።

ሙግት ወዳድ
ገምጋሚው ከቤቱ ተጣልቶ የመጣ ቀን ገጥሞህ ነው። ሰፊ በር ብዙ ሰው ያሳልፋል። አለቀ። ይግባኝ በል።

ሜትር በኪሴ
ይግባኝ እንዳትል፤ ታፍራለህ። ገምጋሚው ልክ ነው።

በ2015ቱ እትም በማጠፊያ የሚከፈት በር አንዱ ተከፋች ከ48 ኢንች መብለጥ የለበትም። 1219 ሚሊሜትር ነው። ያንተው 59 ኢንች ገደማ ይመጣል። ታችኛው ወሰን ደግሞ 32 ኢንች ነጻ ስፋት ነው፤ 813 ሚሊሜትር። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል። ሁለቱ ወሰኖች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። ላይኛው የሚለካው መዝጊያውን ራሱን ነው። ታችኛው የሚለካው ሰው የሚያልፍበትን ክፍተት ነው። ብዙ ፕላን የሚመለሰው ይህን በማምታታት ነው።

እትሙንም አረጋግጥ። ሌላ ቦታ የምትሠሩ ሰዎች ይህን ቁጥር እንዳለ ገልብጣችሁ እንዳትወስዱ።

አናጺው
ልጄ፣ እኔ ኮድ አንብቤ አላውቅም፤ በር ግን ሠርቻለሁ። 1.5 ሜትር መዝጊያ ሠርተህ ስትሰቅለው የመጀመሪያውን ወር ሙሽራ ይመስላል። ከዚያ በቁልፉ በኩል መውረድ ይጀምራል። ወለሉን መፋቅ ይጀምራል። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ከቀዳዳው ጋር አልገጥም ይላል። ባለቤቱ ደውሎ "በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም" ይልሃል። እንደዚህ ያለ አንድ በር ሦስቴ ተመልሼ አስተካክያለሁ። በአራተኛው ስልኩን አላነሳሁም። እውነቱን መናገር ይሻላል።

ተማሪ ነኝ ይቅርታ
ጋሼ ያሉትን በቁጥር ሞከርኩት። መዝጊያው 2.1 ሜትር ቁመት፣ 4.5 ሴንቲሜትር ውፍረት ይኑረው። እንጨቱ በሜትር ኩብ 600 ኪሎ ይመዝን እንበል። 90 ሴንቲሜትሩ በር 51 ኪሎ ይሆናል። 1.5 ሜትሩ 85 ኪሎ።

ክብደቱ ብቻ ቢሆን ደህና ነበር። ግን ክብደቱ የሚጎትተው ከበሩ መሀል ነው፤ ሰፊው በር መሀሉ ከማጠፊያው ይርቃል። ሁለቱን ሳባዛ ማጠፊያው ላይ የሚመጣው ጉተታ 2.8 እጥፍ ሆነ። ስፋቱ የጨመረው ግን 1.67 እጥፍ ብቻ ነው። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

አናጺው
አልተሳሳትሽም። እኔ በወገቤ የማውቀውን ነው በወረቀት ያወጣሽው።

ድሮ ተቆጣጣሪ
ክብደቱ አንድ ነገር ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግፊቱ ነው። ኮዱ በር ለመክፈት የሚያስፈልገውን ኃይል ይወስናል። ተራውን የውስጥ በር ተዉት፣ እሱ 5 ፓውንድ ነው። ሌሎቹ ላይ መቀርቀሪያውን ለማስለቀቅ ከ15 ፓውንድ፣ ማለትም ከ67 ኒውተን አይበልጥም። ከቆመበት ለማንቀሳቀስ 30 ፓውንድ፣ 133 ኒውተን። እስከ መጨረሻው ለመክፈት እንደገና 15። ይህ የተጻፈው ለጎረምሳ አይደለም። ለአሮጊት ነው፣ ለልጅ ነው፣ አንድ እጁን ለታቀፈ ሰው ነው።

አሁን አየር ጨምሩበት። ጭስ እንዳይገባባቸው በአየር ግፊት የሚጠበቁ ደረጃዎች አሉ። እዚያ በበሩ ግራና ቀኝ 50 ፓስካል ልዩነት የተለመደ ነው። ባለ 90 ሴንቲሜትሩን በር ከጫፉ ይዘህ ይህን ግፊት ለማሸነፍ 47 ኒውተን ገደማ ይበቃሃል። ባለ 1.5 ሜትሩ 79 ይጠይቅሃል። መልሶ የሚዘጋው ክንድ ገና አልተጨመረም። ከባድ በር ደግሞ ጠንካራ ክንድ ይፈልጋል። እንግዲህ ያሰፋኸው በር ለደካማው ሰው ጠበበ ማለት ነው።

ሙግት ወዳድ
እሺ፣ ግፊቱን ተቀበልኩ። ሞተር ይገጠምለት። ዘመኑ የሞተር ነው።

ድሮ ተቆጣጣሪ
መብራት ሲጠፋስ? እሳት ሲነሳ ቀድሞ የሚሄደው መብራት ነው። ሞተር ያለው የመውጫ በር ኃይል ሲቋረጥ በእጅ ተገፍቶ መከፈት ይገደዳል። ስለዚህ ተመልሰህ እዚያው 85 ኪሎ መዝጊያ ፊት ቆምክ።

ሌላም አለ። አንድ በር አንድ ነው፤ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን። ከተጣበቀ ሁሉ ነገር አብሮት ተጣበቀ። ሁለት ጠበብ ያሉ ተከፋቾች ካሉህ አንዱ ቢይዝ ሌላው ያሳልፍሃል።

ባለፕላን
ይህቺ የመጨረሻዋ ገባችኝ። ከሰዓት በፊት ባለቤቱን ስለ ማጠፊያ ሳስረዳው "ታዲያ ጠንካራ ማጠፊያ ግዛ" ብሎኝ ነበር። "በሩ ቢይዝስ?" ብዬ ስጠይቀው ዝም አለ።

ስሌቱን ጀመርኩ። አዳራሹ ጠረጴዛና ወንበር ይገባበታል። ለአንድ ሰው 15 ስኩዌር ጫማ፣ 1.4 ሜትር ካሬ ገደማ ተብሏል። ወለሌ 476 ሜትር ካሬ ነው። 342 ሰው ወጣልኝ። በሰው 0.2 ኢንች ሳባዛው 68.4 ኢንች የመውጫ ስፋት ያስፈልገኛል። እስከ 500 ሰው ሁለት መውጫ ይበቃል። ሁለት ባለ 36 ኢንች በር ባደርግ 72 ኢንች። ይበቃል አይደል?

ሜትር በኪሴ
አይበቃም። ቅድም ያልኩህ እዚህ ጋ መጣ። 36 ኢንች የመዝጊያው ስፋት ነው። ሰው የሚያልፍበት አይደለም።

ቤትህ ካለ በር ሞክረው። 90 ዲግሪ ክፈተው። የተከፈተው መዝጊያ ውፍረቱን ይዞ ክፍተቱ ውስጥ ቆሞ ታየዋለህ። ከመዝጊያው ፊት ጀምርና ማዶ መቃኑ ላይ መዝጊያው ሲዘጋ የሚያርፍበት ከንፈር ድረስ ለካ። ነጻ ስፋት ማለት ያ ነው። ባለ 36 ኢንቹ በር በተለመደው ማጠፊያ ሲሰቀል 33.5 ኢንች ገደማ ይሰጥሃል። ሁለቱ 67። ያንተ 68.4 ነው። ጎደለህ።

ባለፕላን
1.4 ኢንች! ለ1.4 ኢንች ነው የሚመልሱኝ?

ሜትር በኪሴ
ለ1.4 ኢንች ይመልሱሃል። ዛሬ አንድ ኢንች ተኩል ካለፈ ነገ ሌላው ሰው ሦስት ይዞ ይመጣል።

አናጺው
መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ከክፍተቱ ገሸሽ የሚያደርግ ማጠፊያም አለ። ክንዱ የተቆለመመ ነው። በሩ 90 ሲከፈት መዝጊያው ከመቃኑ ውጭ ይቆማል፤ የውፍረቱን ያህል ስፋት ታተርፋለህ። አሮጌ ሕንፃ ላይ ግድግዳ ማፍረስ ለማይፈልግ ሰው መድኃኒት ነው። አዲስ ሕንፃ ላይ ግን ምን አደከመህ፣ በሩን አስፋው።

ጎማ ላይ ነኝ
32 ኢንች ነጻ ስፋት የምትሉትን በየቀኑ የምሞክረው እኔ ነኝ። ዊልቸሬ ያልፋል። ጣቶቼ ግን መቃኑን ሲፍቁ ይታወቀኛል። ጎማውን የምነዳው በእጄ ነዋ። 34 ኢንች ሲሆን ትንፋሽ አለው። ለእናንተ ሁለት ኢንች ምንም አይደለም፤ ለእኔ የጣቶቼ ቆዳ ነው።

ሌላው ሁልጊዜ የሚረሳው በቁልፉ በኩል ያለው ግድግዳ ነው። በሩን ወደ ራሴ የምስበው ከሆነ፣ ከእጀታው አጠገብ ወደ ጎን የምቆምበት ቦታ ያስፈልገኛል። የአሜሪካ የተደራሽነት መለኪያ ፊት ለፊት ለሚመጣ ሰው 18 ኢንች ይላል፤ 45 ሴንቲሜትር ከምናምን። ማዕዘን ላይ የተለጠፈ በር የፈለገውን ያህል ሰፊ ቢሆን መክፈት አልችልም። ስከፍተው እኔኑ መትቶ ይመልሰኛል። ባለፕላን፣ የጎኑን መውጫህን የት ነው ያደረግኸው?

ባለፕላን
ማዕዘን ላይ ነው፣ እህቴ። አሁን ወደ ውስጥ አመጣዋለሁ። አመሰግናለሁ።

ተማሪ ነኝ ይቅርታ
ጥያቄ አለኝ። ሁለቱን መውጫ አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ ይቻላል? ሁለት መሆናቸው ነው ወይስ መራራቃቸው?

ድሮ ተቆጣጣሪ
መራራቃቸው ነው! ጎን ለጎን ሁለት በር ብታደርጊ እሳቱ አንዱን ሲይዝ ሌላውንም ያዘው። በአይቢሲ በሁለቱ መሀል ያለው ርቀት ቢያንስ የወለሉን ሰያፍ፣ ማለትም ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን፣ ግማሽ መሆን አለበት። የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ በሙሉ ከተገጠመ ሲሶው ይበቃል። የባለፕላን አዳራሽ ሰያፉ 32.8 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 16.4 ሜትር ይራራቁ።

ስፋታቸውም እንዲሁ ይታሰባል። አንዱ መውጫ ቢዘጋ የቀረው ከሚያስፈልገው ስፋት ግማሹን መያዝ አለበት። አንዱን እንደ ቤተ መንግሥት በር አስፍተህ ሌላውን የድመት መሹለኪያ ማድረግ አይቻልም።

ከሩቅ
እኛ የምንሠራው በእንግሊዝ መመሪያ ነው። አስተሳሰቡ ይለያል፤ ለማወዳደር ይጠቅማችሁ ይሆናል። እስከ 60 ሰው 750 ሚሊሜትር፣ እስከ 110 ሰው 850፣ እስከ 220 ሰው 1050። ከዚያ በላይ በሰው 5 ሚሊሜትር። የሰው አካል አንድ ነውና 5 ሚሊሜትሩ ከእናንተ 0.2 ኢንች ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ልዩነቱ አንዱ መውጫ ሲዘጋ ነው። እናንተ የሚያስፈልገው ስፋት ግማሹ ከተረፈ ይበቃል ትላላችሁ። እኛ አንዱን ከስሌት እናወጣና የቀረው ሁሉንም ሰው ይችላል ወይ እንላለን። ሁለት መውጫ ላለው የ342 ሰው አዳራሽ እያንዳንዳቸው 1710 ሚሊሜትር ይሆናሉ።

ሙግት ወዳድ
ይኸው! አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ። ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ? አንድ ሰው ቢሮ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው።

ሜትር በኪሴ
ከትከሻ ነው የመጣው። በድሮዎቹ የአሜሪካ ኮዶች የመውጫ ስፋት የሚቆጠረው በ22 ኢንች ነበር። 22 ኢንች የአንድ አዋቂ ሰው ትከሻ ተብሎ የተወሰደ ነው። 44 ኢንች ማለት ሁለት ሰው ጎን ለጎን። 12 ኢንች ከተረፈ ግማሽ ይቆጠርልህ ነበር። ኮሪደርና ደረጃ ላይ ዛሬም 44 ኢንች የምታገኘው ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ኋላ ላይ ሰው እንደ ወታደር ተሰልፎ እንደማይወጣ ታየና በሰው ቁጥር ማባዛት መጣ።

ድሮ ተቆጣጣሪ
ከትከሻ ብቻም አይደለም። ከሬሳም ነው የመጣው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለስላሳ ቃል አላገኘሁለትም።

እ.ኤ.አ. በ1883 ሰንደርላንድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ፣ ቪክቶሪያ አዳራሽ ውስጥ ለልጆች ትርዒት ነበር። መጨረሻ ላይ ለልጆቹ ስጦታ ይታደላል ተባለ። ፎቅ ላይ የነበሩት ልጆች በደረጃ እየሮጡ ወረዱ። ታች ያለው በር ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር። በዚያ ላይ አንድ ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ ተገርበብ ተደርጎ በመቀርቀሪያ ተይዟል። ከፊት ያሉት ተጣበቁ። ከኋላ ያሉት አያዩም፤ ይገፋሉ። 183 ልጆች ሞቱ። እሳት የሚባል ነገር አልነበረም። በደረት ሲገፉት የሚከፍተው ዘንግ፣ ፑሽ ባር የምንለው፣ የፈጠራ መብቱ እዚያው እንግሊዝ አገር የተመዘገበው በ1892 ነው።

በሩ ስፋት ነበረው እኮ። ነጻ ስፋቱ ግን የአንድ ልጅ ነበር።

ተማሪ ነኝ ይቅርታ
ይህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ።

ሙግት ወዳድ
እሺ፣ እሱን አላውቅም ነበር። ዝም ብያለሁ።

(ለአንድ ሰዓት)

ከሩቅ
ሙግት ወዳድ ዝም ካለ ስለ ተዟዟሪው በር እኔ ልጨምር። ቦስተን፣ ኮኮናት ግሮቭ የተባለ የምሽት ክበብ፣ ኅዳር ወር ላይ፣ እ.ኤ.አ. 1942። 492 ሰው ሞቷል። ዋናው መግቢያ የሚሽከረከር በር ነበር። ሰው ከሁለቱም ወገን ሲገፋው ተጣበቀ። ሌሎቹ መውጫዎች የተቆለፉም ነበሩባቸው፣ ወደ ውስጥ የሚከፈቱም። ዛሬ የሚሽከረከር በር ካለ አጠገቡ፣ ከ10 ጫማ ሳይርቅ፣ ተራ በማጠፊያ የሚከፈት በር መኖር አለበት የሚባለው ነገር ከዚህ ዓይነት ታሪክ ጋር ይያያዛል። ክንፎቹም ሲገፉ መታጠፍ አለባቸው።

ባለፕላን
ወደ አዳራሼ ልመልሳችሁ። ሁለቱንም በር ባለ 42 ኢንች አደረግሁ። ነጻ ስፋቱ 39.5 ገደማ። ሁለቱ 79። ከ68.4 በላይ ነው። አንዱ ቢዘጋ 39.5 ይቀረኛል፣ ግማሹ 34.2 ነው፣ አልፌያለሁ። ባለቤቱ ግን አኩርፏል። "ግርማው የት ሄደ?" ይላል።

ሜትር በኪሴ
ከግርማው በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። አዳራሹ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ይኖረዋል? ወይስ አንዳንዴ ወንበር ብቻ ይደረደራል?

ባለፕላን
ጠይቄ ልምጣ።

ባለፕላን
"ለምርቃት ጊዜ ጠረጴዛውን እናወጣለን" አለኝ። ምን ለውጥ አለው?

ሜትር በኪሴ
ወይ ጉድ። ሁሉንም ይለውጠዋል። የማይነቀል ወንበር ሳይሆን ተደርዳሪ ወንበር ብቻ ከሆነ ለአንድ ሰው 7 ስኩዌር ጫማ ነው የሚታሰበው። 476 ሜትር ካሬህ 732 ሰው ይይዛል። የሚሰላው ብዙ ሰው በሚይዝበት አደራደር ነው። ባለቤቱ "ከ300 በላይ አልጠራም" ቢልህ ቃሉ ስሌት ውስጥ አይገባም። ወለሉ ይናገራል።

እንግዲህ 732 በ0.2፣ 146.4 ኢንች። ከ500 ስላለፈ መውጫው ሦስት ሆነ። መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆኖ ከ300 ሰው ካለፈና ዋና መውጫ ካለው፣ ዋናው ብቻውን የሰዉን ግማሽ መቻል አለበት። 73.2 ኢንች።

ባለፕላን
የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ነኝ። ለ342 ሰው አስቤ ልልከው ነበር።

ጎማ ላይ ነኝ
ለምንድን ነው ዋናው መውጫ ግማሹን መቻል ያለበት? ሦስት በር ካለ ሰዉ ይከፋፈላል ብዬ አስብ ነበር።

ድሮ ተቆጣጣሪ
ይከፋፈላል ብለሽ ታስቢያለሽ። ግን ሰው በገባበት ነው የሚወጣው። ጀርባውን የሰጠውን በር አያስታውሰውም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ዘ ስቴሽን የተባለ የምሽት ክበብ ተቃጥሎ 100 ሰው ሞተ። ሌሎች መውጫዎች ነበሩ። አብዛኛው ሰው የሮጠው ወደ ፊት ለፊቱ በር ነው፤ እዚያው ተደራርቦ ተጣበቀ። ከዚያ በኋላ የሕይወት ደኅንነት ኮድ የሚባለው ኤንኤፍፒኤ 101 ለጭፈራ ቤትና ለምሽት ክበብ ዋናው መግቢያ ከግማሽ ወደ ሁለት ሦስተኛ ከፍ እንዲል አድርጓል።

አናጺው
ባለፕላን፣ ለባለቤቱ መልስ አገኘሁለት። ፊት ለፊት ሁለት ተከፋች አድርግለት። እያንዳንዱ 42 ኢንች። ሁለቱም ተከፍተው ሲቆሙ ከሁለት ሜትር በላይ መግቢያ ያገኛል። 1.5 ሜትር ጠይቆ ከሁለት ሜትር በላይ ሰጠኸው። ከዚህ በላይ ምን ግርማ ይፈልጋል?

ሜትር በኪሴ
ጋሼ ፈቱት። እያንዳንዱ ተከፋች ከ48 በታች ነው። የሁለቱ ነጻ ስፋት 80 ኢንች ገደማ ይመጣል፤ ከ73.2 ይበልጣል። በሁለቱ ጎኖች አንዳንድ ባለ 42 ኢንች ጨምር፤ 79። ድምሩ 159፣ የሚፈለገው 146.4። ዋናው ቢዘጋ 79 ይቀራል፣ ግማሹ 73.2 ነው። አለፈ።

ግን አደራ፣ ሁለቱም ተከፋች መሥራት አለባቸው። ብዙ ቦታ ሁለተኛውን ተከፋች ከላይና ከታች በመቀርቀሪያ ይሰኩትና ለሰርግ ቀን ብቻ ይከፍቱታል። በእጅ የተቀረቀረው ተከፋች ከስሌትህ ይወጣል። ያኔ 80ው 40 ሆነ።

ተማሪ ነኝ ይቅርታ
ለሁለት ተከፋች ሲሆን 32 ኢንቹ ለሁለቱ ነው ወይስ ለየአንዳንዱ?

ሜትር በኪሴ
ቢያንስ አንዱ ብቻውን 32 ነጻ ስፋት መስጠት አለበት። ሁለት ጠባብ ደምሮ 32 ማለት አይቻልም። ዊልቸር ለሁለት ተከፍሎ አያልፍም።

ጎማ ላይ ነኝ
ሞክሬያለሁ፣ አያልፍም 😄

ድሮ ተቆጣጣሪ
የሚረሱ ነገሮችን ላስታውስና ልተኛ። መሰብሰቢያ ስለሆነና ከ50 ሰው በላይ ስለሚይዝ በሮቹ ወደ ውጭ ይከፈቱ። ፑሽ ባር ይኑራቸው። በሩ ኮሪደር ላይ የሚከፈት ከሆነ ሲወዛወዝ ከኮሪደሩ አስፈላጊ ስፋት ከግማሽ በላይ እንዳይበላ፤ ሙሉ ተከፍቶ ሲቆም ደግሞ ከ7 ኢንች በላይ እንዳይገባ። ይህም ሰፊ መዝጊያ የሚያስቸግርበት ሌላ ቦታ ነው። መዝጊያው በሰፋ ቁጥር ኮሪደሩን ይበላዋል።

ከወለል እስከ 34 ኢንች ድረስ ነጻ ስፋቱ ውስጥ ምንም ነገር አይግባ። ከዚያ በላይ እስከ 80 ኢንች ድረስ 4 ኢንች ይፈቀዳል፤ ፑሽ ባሩ እዚያ ውስጥ ያልፋል። አንድ ጊዜ አንድ አዳራሽ ልመረምር ሄጄ በሩ በልኩ ነው፣ ሁሉ ነገር ጥሩ ነው። በበሩ ሥር ግን ቁመቱ ከሰው ጉልበት ከፍ የሚል የአበባ ማሰሮ ግራና ቀኝ አቁመዋል። ለእኔ ክብር ነው ያቆሙት። ያንን አይቼ ፈተናውን ጣልኳቸው። እስካሁን ይጠሉኛል።

ሙግት ወዳድ
አበባ ጠልተህ ነው።

ድሮ ተቆጣጣሪ
ደህና እደር።

ባለፕላን
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ፕላኑ በሁለት ተከፋች አለፈ። ባለቤቱ ስዕሉን ሲያየው "ለምን መጀመሪያ እንዲህ አላደረግከውም?" አለኝ። አልመለስኩለትም።

አንድ አስተያየት ብቻ ቀረ። ባለቤቱ በበሩ ውስጠኛ ፊት ላይ የተቀረጸ ትልቅ የነሐስ እጀታ አስጨምሮኝ ነበር። ገምጋሚው "6 ኢንች ይወጣል፣ ወደ 4 ይቀነስ" ብሎ ጽፏል።

አናጺው
ላክልኝ፣ እከረክረዋለሁ።